ያልደረሰ ግጭት እንዴት ይቆጠራል? የመርከቦች ግጭት ስጋት በኮምፒውተር ሲሰላ

ስለ ባሕር ጉዞ ደኅንነት በሚወጡ ሪፖርቶች ውስጥ «በዚህ መስመር በየ20 ዓመቱ አንድ ግጭት ይጠበቃል» የሚል ዓይነት አገላለጽ አይጠፋም። ይህን ያነበበ አንዱ «እንግዲያው 20 ዓመት ተኝተን እንደር» ይላል። ሌላው «ደግሞ ይህን ማን ነገራቸው? ኮከብ ቆጠሩ እንዴ?» ይላል። ቁጥሩ ትንቢትም ዋስትናም አይደለም። ግማሹ በየሰከንዱ ከመርከቦች በሚሰበሰብ መረጃ ላይ የቆመ ስሌት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ከ50 ዓመት በፊት በሌላ አገር ባሕር ከታየው የመጣ ግምት ነው። ሁለቱን ለይቶ ያላየ ሰው ቁጥሩን ወይ ከሚገባው በላይ ያምነዋል፣ ወይ ጨርሶ ይጥለዋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ዘመን መርከብ ከመርከብ እንዴት ይጋጫል?

ማርች 10 ቀን 2025 ጠዋት፣ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ አቅራቢያ በሰሜን ባሕር ላይ፣ ሶሎንግ የተባለ ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ መልሕቁን ጥሎ የቆመውን ስቴና ኢማኪዩሌት የተባለ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ገጨው። የተገጨው መርከብ ለአሜሪካ ጦር የሚሆን የአውሮፕላን ነዳጅ ጭኖ ነበር። እሳት ተነሣ፤ ከሶሎንግ ባሕርተኞች አንዱ ጠፍቶ ቀረ። ራዳርም ሆነ ያሉበትን ቦታ ለሌሎች የሚያሰራጭ መሣሪያ በሁለቱም ላይ ነበር። የብሪታኒያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች በመጀመሪያው ሪፖርታቸው እንደገለጹት ግን በሁለቱም መርከቦች የመሪ ክፍል ውስጥ ለቅኝት ብቻ የተመደበ ሰው አልነበረም።

ከዳር ለሚያየው ባሕር ሰፊ፣ መርከብም ዘገምተኛ ነው። በመሪ ክፍል ውስጥ ሆነው ሲያዩት ጊዜው አጭር ነው። የመርከብ ፍጥነት የሚለካው በኖት ሲሆን አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። እያንዳንዳቸው በ15 ኖት የሚሄዱ ሁለት መርከቦች ፊት ለፊት ሲመጡ በመካከላቸው ያለውን 11 ኪሎ ሜትር በ12 ደቂቃ ይጨርሱታል። በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት መመዘኛ መሠረት አንድ መርከብ በሙሉ ኃይሉ ወደ ኋላ እየገፋ ለመቆም የርዝመቱን 15 እጥፍ ያህል መንሸራተት ይፈቀድለታል። 300 ሜትር ለሚረዝም መርከብ ይህ 4.5 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ «ባየሁት ጊዜ አቆማለሁ» የሚባል ነገር እዚያ የለም።

ማን ለማን መንገድ ይለቃል የሚለው በ1972 በወጣውና በ1977 ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ደንብ ተጽፏል። መስመራቸው ሲቆራረጥ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው መርከብ ይለቃል። ፊት ለፊት ከተገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ደንቡ አንድ መፈተኛም ያስቀምጣል፦ የሚቀርበው መርከብ በኮምፓስ ሲለካ ያለበት አቅጣጫ የማይለወጥ ከሆነ ግጭት እየመጣ ነው ማለት ነው።

የደረሱትን ግጭቶች ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም?

ለመንገድ ትራፊክ ይቻላል። አንድ አደባባይ ላይ በዓመት የሚደርሰውን ግጭት ፖሊስ መዝግቦ ይነግራል። ባሕር ላይ ግን ግጭት ብርቅ ነው፤ በአንድ መስመር 15 ዓመት ሙሉ አንድም ላይደርስ ይችላል። ከዚህ «ስጋቱ ዜሮ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። በዚያ ላይ ባሕሩ አይጠብቅም፤ በ15 ዓመት ውስጥ አዲስ ወደብ ይከፈታል፣ መርከቦች ይገዝፋሉ፣ መስመር ይለወጣል። የትናንቱ ቆጠራ የሚናገረው ስለ ትናንቱ ባሕር ነው። ሲሙሌሽን የሚባለው ዘዴ የመጣው ለዚህ ነው፦ ባሕሩን ከነትራፊኩ ኮምፒውተር ውስጥ ማስመሰልና ዓመታቱን እዚያው ደጋግሞ ማስኬድ።

የኮምፒውተሩ ባሕር ከምን ይሠራል?

ዋናው ጥሬ ዕቃ ኤአይኤስ የሚባለው መሣሪያ የሚልከው መረጃ ነው። መርከቡ ላይ የተተከለ ማሰራጫ ሲሆን መለያ ቁጥሩን፣ ያለበትን ቦታ፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን በሬዲዮ ይናገራል። መርከቡ ሲንቀሳቀስ በየጥቂት ሰከንዱ፣ መልሕቅ ጥሎ ሲቆም በየ3 ደቂቃው ይልካል። ስሙን፣ ዓይነቱን፣ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና መድረሻውን ደግሞ በየ6 ደቂቃው። ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ላሉ 300 ግሮስ ቶን (የመርከብ ውስጣዊ ይዞታ መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ ለሆኑ መርከቦች፣ እንዲሁም ለመንገደኛ መርከቦች በሙሉ ግዴታ ነው።

መረጃው ብዙ ቢሆንም ንጹሕ አይደለም። ፋይሉን ከፍቶ የሚያይ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያጋጥመው 511 ዲግሪ ወደሚባል አቅጣጫ የሚሄድ መርከብ ነው። ክብ 360 ዲግሪ ብቻ ስላለው እንዲህ ያለ አቅጣጫ የለም፤ 511 ማለት «ኮምፓሱ አልተገናኘም» ማለት ነው። ኬክሮሱ 91 የሆነ መርከብም ይገኛል፤ ከሰሜን ዋልታ አልፎ ሄዶ ሳይሆን ቦታው አልታወቀም ለማለት ነው። መድረሻውን ባሕርተኛው በእጁ ስለሚጽፈው አንዱን ወደብ በብዙ ዓይነት አጻጻፍ፣ አንዳንዴም ካለፈው ጉዞ ሳይለወጥ ያገኙታል። የዚህ ሥራ ብዙው ጊዜ የሚያልቀው ይህን በማጥራት ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ግን ሁለት መስመር እንኳ አይሰጠውም።

ከጠራው መረጃ የሚወጣው የትራፊኩ ጠባይ ነው፦ በዚህ መስመር በሰዓት ስንት መርከብ ያልፋል፣ ከመስመሩ መሐል ምን ያህል ወደ ግራና ቀኝ ይሠራጫል፣ ርዝመቱና ፍጥነቱ ከምን እስከ ምን ነው። ኮምፒውተሩ ከዚህ ጠባይ እየቀዳ ምናባዊ መርከቦችን ይለቃል። ዕጣ እያወጣ የአንዱን ፍጥነት 12 ኖት፣ የሌላውን 19 ያደርጋል፤ አንዱን ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሌላውን ረፋድ ላይ ያስነሣል። ይህን በሺህ ለሚቆጠሩ ምናባዊ ዓመታት ይደጋግመዋል። በዕጣ የተመሠረተ ስለሆነ በቁማር ቤቷ በታወቀችው በሞናኮ ሰፈር ስም ሞንቴ ካርሎ ዘዴ ይባላል።

ምናባዊዎቹ መርከቦች ለምን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ?

ብዙ አንባቢ ግር የሚለው እዚህ ላይ ነው። በመደበኛው ዘዴ ምናባዊ መርከቦቹ እርስ በርስ አይተያዩም፤ ማንም ለማንም አይለቅም። መርካቶ ውስጥ ሸማቹም ተሸካሚውም ዓይኑን ጨፍኖ ቢሄድ በቀን ስንት ሰው ይላተማል ብሎ እንደመጠየቅ ነው። በዚህ ዓይነት የሚገኙት «ዕጩ ግጭቶች» ይባላሉ፦ ማንም ምንም ባያደርግ ይደርሱ የነበሩ ማለት ነው።

በፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ እንየው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሩሲያ ወደቦች፣ ከፕሪሞርስክና ከኡስት ሉጋ፣ ነዳጅ ጫኞች ይመላለሳሉ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ደግሞ በሄልሲንኪና በታሊን መካከል ያለውን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያቋርጡ የመንገደኛ መርከቦች አሉ። ሁለቱ ጎርፎች መስቀለኛ ይሠራሉ። 250 ሜትር የሚረዝም ነዳጅ ጫኝ በ12 ኖት፣ 210 ሜትር የሚረዝም የመንገደኛ መርከብ በ24 ኖት ወደ አንድ ነጥብ ይመጣሉ እንበል። ጫኙ ነጥቧን ለማለፍ 40 ሰከንድ ገደማ፣ የመንገደኛው 17 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ወርዳቸው ሲጨመር አንዱ ሌላውን ሊነካ የሚችልበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል፤ ለቀላል ሒሳብ አንድ ደቂቃ እንበለው። በዚያ መስመር በየሰዓቱ አንድ ጫኝ ቢያልፍ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያቋርጥ የመንገደኛ መርከብ የመጋጨት ዕድሉ ከ60 አንድ ነው። በቀን 10 ጊዜ ቢያቋርጥ በዓመት 61 ያህል ዕጩ ግጭት ይመዘገባል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተመረጡ ናቸው፤ እውነተኛው ሞዴል ግን የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ ማዕዘኑንና መጠኑን ለእያንዳንዱ ጥንድ እየለዋወጠ።

ታዲያ ዕጩው ስንት ጊዜ እውነት ይሆናል?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው ያሄይ ፉጂ፣ በ1974 ደግሞ ማክዳፍ የተባለ ተመራማሪ ተመሳሳይ መንገድ ተከተሉ፦ ዕጩዎቹን በስሌት ማግኘት፣ ከዚያ በእውነት ከደረሱት ግጭቶች ጋር ማነጻጸር። ፉጂ የጃፓንን ሰርጦች መረጃ ተጠቅሞ ያገኘው ከ10,000 ዕጩ ግጭት አንድ ገደማ ብቻ እውነት እንደሚሆን ነው። ሌላው 9,999 ጊዜ ባሕርተኛው ያያል፣ ይታጠፋል፣ ይቀንሳል። ይህች ከ10,000 አንድ «የመንስኤ ዕድል» ትባላለች። እንቅልፍ፣ ድካም፣ የተበላሸ ራዳር፣ ጭጋግ፣ በሬዲዮ አለመግባባት ሁሉም በእሷ ውስጥ ታጭቀዋል። የባሕር መብራቶችንና ምልክቶችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ አያላ፣ ለአገሮች የሚመክረው አይራፕ የተባለ ሶፍትዌርም ዛሬ ድረስ በዚሁ ዙሪያ ያሉ ቁጥሮችን ይዞ ይነሣል።

በአንድ ባሕር የሁሉም መስመሮች ዕጩ ግጭት ተደምሮ በዓመት 500 ቢሆን፣ 500 ሲካፈል ለ10,000 በዓመት 0.05 ይሰጣል፤ ይኸው «በየ20 ዓመቱ አንድ» የሚባለው ነው። የመንስኤው ዕድል ከ10,000 ሁለት ቢሆን ግን መልሱ በየ10 ዓመቱ፣ ግማሽ ቢሆን በየ40 ዓመቱ ይሆናል። 500ው በየጥቂት ሰከንዱ ከመጣ መረጃ የተለቀመ ነው፤ የሚባዛበት ቁጥር ግን እንዲህ በቀላሉ ይወዛወዛል። እኔ እንዲህ ያለ ሪፖርት ስይዝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ቁጥር ከየት አመጣችሁት የሚለውን ገጽ ነው።

አንዳንድ ቡድኖች ይህችን አንዲት ቁጥር በተሻለ ነገር ለመተካት ይሞክራሉ። ጭጋግ ካለ፣ ቃኚ ከሌለ፣ መኮንኑ ብቻውን ከሆነ፣ ሌሊት ከሆነ እያሉ የመንስኤዎችን መረብ ይሠራሉ፤ ለእያንዳንዱ ዕድል ይሰጣሉ። ሌሎች ደግሞ ምናባዊ መርከቦቹን ዓይናቸውን አስገልጠው ደንቡን እንዲከተሉ፣ አልፎ አልፎም እንዲሳሳቱ ያደርጋሉ። ጥሩ ሙከራ ነው። ይሁንና ባሕርተኛ ስንቴ እንደሚዘናጋ የሚመዘግብ መሣሪያ ስለሌለ ግምቱ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም።

«በየ20 ዓመቱ» ማለት 20 ዓመት ሰላም ነው ማለት ነው?

አይደለም። ግጭቱ በመጀመሪያው ዓመት የመድረስ ዕድሉና በ19ኛው ዓመት የመድረስ ዕድሉ እኩል ነው፤ በየዓመቱ ከ100 አምስት ገደማ። በ20 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ የመድረሱ ዕድል ከ100 63 ነው። 37ቱ ምንም ያለመድረሱ ዕድል ነው። ስለዚህ 20 ዓመት በሰላም ቢያልፍ ሞዴሉ ተሳሳተ አይባልም፤ በሁለት ዓመት ሁለት ቢደርስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሞዴሉን መፈተን ከባድ የሆነውም በዚህ ነው። ብዙዎች «ለጥቂት የተረፉ» መተላለፎችን በመቁጠር ሊፈትኑት ይሞክራሉ። ግን ወደብ በር ላይ መንገዱን የሚያውቅ የወደብ መሪ ይዘው 300 ሜትር ተቀራርበው መተላለፍ የዕለት ሥራ ነው፤ መሐል ባሕር ላይ ያው 300 ሜትር ነፍስ የሚያስወጣ ነው።

ሰዓቱ ምን ለውጥ ያመጣል?

በቀመር ብቻ የሚሠሩት የቀድሞ ሞዴሎች መርከቦች በማናቸውም ሰዓት በእኩል ዕድል እንደሚመጡ ያስባሉ። የሄልሲንኪና የታሊን መርከቦች ግን የጊዜ ሰሌዳ አላቸው፤ ጠዋት በአንድ ሰሞን ይነሣሉ፣ ማታም እንዲሁ። በክረምት ባሕሩ በረዶ ሲሠራ ደግሞ ጫኝ መርከቦች በረዶ ሰባሪውን ተከትለው በሰልፍ ስለሚሄዱ ከጎን ከሚመጣው ይልቅ ከፊታቸው ድንገት የሚቆመው ያሰጋቸዋል። በ2011 የአልቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዚሁ ባሕረ ሰላጤ ያሳተሙት የሲሙሌሽን ጥናት እያንዳንዱን መርከብ በየመስመሩ በጊዜው አስነሥቶ የሚከታተል ነበር። የዚህ ጥቅሙ አጠቃላይ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የት፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ዓይነት ከየትኛው ጋር፣ በምን ማዕዘንና ፍጥነት የሚለውን ማውጣቱ ነው።

ማዕዘንና ፍጥነት የሚፈለጉት ስጋት ማለት ዕድል ብቻ ስላልሆነ ነው፤ የሚያስከትለው ጉዳትም ተባዝቶ ይገባል። በሹል ማዕዘን የሚፋፋቁ ሁለት መርከቦች ቀለም ያጣሉ። በቀጥታ ከጎን የተመታ ነዳጅ ጫኝ ድርብ ቅርፊቱ ሁለቱም ሊቀደድ ይችላል። ጃንዋሪ 2018 በምሥራቅ ቻይና ባሕር ሳንቺ የተባለው የኢራን ነዳጅ ጫኝ እህል ከጫነ መርከብ ጋር ተጋጭቶ 32ቱም ባሕርተኞች አለቁ። በቁጥር አንድ ግጭት ነው፤ በጉዳት ግን ከብዙ መፋፋቅ ጋር አይወዳደርም።

ሞዴሉ የማያየውስ?

ጁን 17 ቀን 2025 በኦማን ባሕረ ሰላጤ፣ ከሆርሙዝ ሰርጥ አቅራቢያ፣ ፍሮንት ኢግልና አዳሊን የተባሉ ነዳጅ ጫኞች ተጋጩ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ከአዳሊን ላይ 24 ሰዎችን አወጡ፤ አገሪቱም ምክንያቱ የአንዱ መርከብ የአመራር ስሕተት ነው አለች። በዚያው ሰሞን በአካባቢው የጂፒኤስ ማወክ ተስፋፍቶ ነበር፤ በመከታተያ ካርታዎች ላይ መርከቦች የብስ ላይ የቆሙ ይመስሉ ነበር። ጂፒኤስ ሲታወክ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው፦ መርከቡን ያሳስታል፣ ሞዴሉ የሚመገበውን መረጃም ይበክላል። የፊንላንድ ባለሥልጣናትም ከ2024 ጀምሮ በባሕረ ሰላጤው ተመሳሳይ ማወክ እንዳለ እየገለጹ ነው። ከ2022 ወዲህ ማዕቀብ እየሸሹ የሩሲያን ነዳጅ የሚያመላልሱት ያረጁ ጫኞች፣ «የጥላ መርከቦች» የሚባሉት፣ አንዳንዶቹ ኤአይኤሳቸውን ያጠፋሉ ወይም ያዛባሉ። እነዚህን ከ10,000 አንድ በምትለው በቆየችው ቁጥር መለካት ድፍረት ይመስለኛል።

እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል?

ለማወዳደር። የመንስኤው ዕድል በእጥፍ ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ ከለውጡ በፊትም በኋላም እኩል ስለሚገባ «መስመሩን ብናዛውረው ስጋቱ በስንት ይቀንሳል?» ለሚለው ጥያቄ የሚገኘው መልስ ብዙም አይናወጥም። ለዚህ ታሪክ የሰጠው ምሳሌ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው የዶቨር ሰርጥ ነው። ከ1956 እስከ 1960 በነበሩት አምስት ዓመታት እዚያ 60 ግጭት ደረሰ፤ ብዙዎቹም ፊት ለፊት በሚመጡ መርከቦች መካከል ነበሩ። በ1967 ሂያጅና መጪ የሚለያዩበት መስመር ተዘረጋ፤ በ1977 ግዴታ ሆነ። ከ20 ዓመት በኋላ በነበሩት ተመሳሳይ አምስት ዓመታት የግጭቱ ቁጥር 16 ሆነ። ዶቨር ያንን የተማረው በእውነተኛ መርከቦች ነው። ዛሬ አንድ አገር መስመር ከመለየቱ ወይም በባሕሩ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ከመትከሉ በፊት ያለ ለውጡና ከነለውጡ ያለውን ባሕር ሁለቱንም ኮምፒውተር ውስጥ ማስኬድ ይችላል። በፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ከጁላይ 2004 ጀምሮ ከሄልሲንኪ፣ ከታሊንና ከሴንት ፒተርስበርግ የሚሠራው የግዴታ ሪፖርት ሥርዓትም ጥቅሙ ሲገመገም የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ከምድር ሆኖ የሚያይና በሬዲዮ የሚያስጠነቅቅ ሰው ቢኖር፣ ከ10,000 አንዷ ምን ያህል ትቀንሳለች?

ከእኛ ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ከሜዲትራኒያን በስዊዝ በኩል ለሚመጣ ዕቃ ደግሞ ባብ ኤል መንደብ በሩ ነው። ሰርጡ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ወደ የመን ዳርቻ ጠጋ ብላም ፔሪም ደሴት ተቀምጣለች፤ ትራፊኩ ሂያጅና መጪ በተለየበት መስመር ይሄዳል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ መርከቦች በቀይ ባሕር ሲጠቁ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ጉዟቸውን በደቡብ አፍሪካ ዞረው ማድረግ ጀመሩ። በሰርጡ የሚያልፈው መርከብ ቁጥር ወረደ፤ ከሚያልፉት መካከል ኤአይኤሳቸውን አጥፍተው በጨለማ የሚያቋርጡ መጡ። በ2022 መረጃ የተሠራ ሞዴል ለዚህ ባሕር ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። ዕጩ ግጭቱን ያበዛል፤ ትራፊኩ ቀንሷልና። የመንስኤውን ዕድል ያሳንሳል፤ የማይታይ መርከብ ማን እንዲለቅለት ይጠበቃል? ሁለቱ ስሕተቶች ይካካሱ ወይም አንዱ ይብለጥ ለማወቅ መረጃውን ከኤአይኤስ ብቻ ሳይሆን ከምድር ራዳርና ከሳተላይት ምስል አሰባስቦ ሞዴሉን እንደ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል።